የጢሞ ቅርፊት

አንድ ጊዜ፣ ጭቃሜ በሚባል ወንዝ ዳር፣ አራዊት ሁሉ ተሰብስበው የዓሣ ማጥመድ ውድድር ያደርጉ ነበር። ውድድሩ በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ፣ ድፍርሱ ውሃ ጠለል ሲል። ወንዙ ውስጥ የሚኖረው ካርፕ የሚሉት ዓሣ ነው፤ ሆዱ የተነፋ፣ በአፉ ግራና ቀኝ ጢም ያበቀለ፣ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ሲምግ የሚውል ዓሣ። ቸኩሎ የያዘው የለም። ካርፕ መንጠቆ ላይ የተሰካውን ሊጥ አሽትቶ፣ ቀምሶ፣ ተፍቶ፣ ዞሮ መጥቶ ነው የሚጎርሰው። ስለዚህ ከጉልበት ይልቅ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ይሄ ደግሞ ለአንዳንዱ አውሬ ከመሞት ይብሳል።

«አንበሳና ጅብ አንድ ዓሣ ለመብላት ይሄን ያህል ይደክማሉ እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። አይ፣ መብላትማ የለም! ጨዋታ ነው። የያዝከውን ዓሣ አባ ኤሊ ዘንድ ታቀርባለህ። አባ ኤሊ ግንድ ላይ ባጋደሟት ሳንቃ፣ በወዲህ ዓሣውን በወዲያ ድንጋይ አድርገው ይመዝናሉ። «ይበል!» ይባልልሃል። ከዚያ ራስህ ተሸክመህ ወደ ውሃው ትመልሰዋለህ። ወርውሮ መሄድም አይቻልም። በመዳፍህ ደግፈህ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ይዘህ ቆይተህ፣ ጅራቱን ሲያወናጭፍ ነው የምትለቀው። ላሸነፈው፣ ከሾላው ሥር ያለው ጥላ እስከ ዓመቱ ድረስ የእሱ ነው። በቃ፣ ሽልማቱ ይሄው ነው።

ሕጉን ያወጣው ጌታ አንበሳ ነው። «የመጀመሪያው መንጠቆ ውሃ ከነካበት ጊዜ ጀምሮ የመጨረሻው ዓሣ ወደ ውሃው እስኪመለስ ድረስ፣ በዚህ ወንዝ ዳር ማንም ማንንም አይነካም» ብሏል። ያን ቀን ነብርና ሚዳቋ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ጅብና አህያም እንደዚያው። የመጨረሻው ዓሣ ከተመለሰ በኋላ ግን ሰላሙ ያበቃል፤ ሁሉም ወደ ጠባዩ ይመለሳል። ለዚህ ነው ደካሞቹ ቀደም ብለው ዓሣቸውን ለቀው፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ጉብታውን ተሻግረው የሚሄዱት።

ያን ቀን እንደ እመት አህያ የሚወደው አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ስትጠጣ አንድ ጆሮዋ ወደ ኋላ ነው። ሣር ስትግጥ አንድ ጆሮዋ ወደ ኋላ ነው። ስትተኛ እንኳ አታሳርፈውም። ያን ቀን ብቻ ጀርባዋን ለሸንበቆው ሰጥታ፣ ሁለቱንም ጆሮዎቿን ወደ ፊት አድርጋ፣ የመንጠቆዋ ቡሽ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ እያየች ትውላለች። አንድ ምኞት ነበራት፤ ጢሞን መያዝ።

ጢሞ የወንዙ ሽማግሌ ካርፕ ነው። ቅርፊቱ እንደ ሌሎቹ ደቃቅ አይደለም፤ ጎኑ ላይ የደረደረው ሰፋፊ፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ነው። በወንዙ ውስጥ ሌላ እንደሱ ያለ የለም። ነብርም ይዞት ያውቃል፣ ጦጣም ይዛው ታውቃለች፤ የያዘው ሁሉ አስመዝኖ፣ «እንዴት ከረምክ አንተ ሽማግሌ?» ብሎ ለቆታል። ለእመት አህያ ብቻ አንድ ቀን እንኳ አልደረሳትም።

ታዲያ በዚያ ዓመት፣ በውድድሩ ዋዜማ፣ ቀበሮ አያ ጅቦ ደጅ ብቅ አለች።

«እንደምን ዋሉ አያ ጅቦ! ምነው እንዲህ ከሱ?»

«ምን ልብላና ልወፍር!»

«ነገ አህያ ቢበሉስ?»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ነገማ ውድድር ነው። አንበሳ አጥንቴን ይሰባብረዋል።»

«በውድድሩ ሰዓት ይብሉ መቼ አልኩ? የመጨረሻው ዓሣ ሲለቀቅ ሰላሙ ያበቃል አይደል? ያ ዓሣ የአህያ እንዲሆን ማድረግ የኔ ፈንታ ነው። እሷ ስትለቅ እርስዎ አጠገቧ ነዎት። ሕጉ ራሱ የፈቀደው ነገር ነው፤ ማን ምን ይላል?»

«እሷ እኮ ሁልጊዜ ቀድማ ነው የምትሄደው።»

«ነገ አትሄድም። ለኔ ግን አንድ ጭኗን ይተዉልኛል።»

«ትንሹን?»

«አያ ጅቦ፣ የአህያ ጭን ትንሽና ትልቅ የለውም!»

«እሺ በቃ» አለ ጅብ። ገና ያልበላት አህያ ጭን ከአሁኑ ቆጭቶት ነበር።

በማግስቱ ሁሉም ወንዙ ዳር ተደረደረ። አያ ጅቦ ዘንጉን ይዞ ሰተት ብሎ መጣና ከእመት አህያ ጎን ዘፍ አለ። «እንደምን አደርሽ እመት አህያ?» አላት፣ ማር የላሰ ይመስል። እሷም የዋህ ናትና፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» ብላ ትንሽ ጠጋ አለችለት።

ጅብ መንጠቆውን ወረወረና ወዲያው እንቅልፍ ጣለው። ያንኮራፋል። ሌላው በየደቂቃው ሲባጎውን እየሳበ «ነካው፣ አልነካውም» ሲል፣ የእሱ ሊጥ ግን ማንም ሳይነካው ጭቃው ላይ ተኝቶ ቆየ። ለካ ጢሞ የሚፈልገው ይሄንኑ ነበር! መጣ፣ አሸተተ፣ ዞረ፣ ተመልሶ መጣና ጎረሰው። አያ ጅቦ ዘንጉ ከእጁ ሊወጣ ሲል ብትት ብሎ ነቃና ጎተተ።

«ጢሞ ነው! ጢሞ ነው!» ብላ ጦጣ ጮኸች።

አባ ኤሊ መዘኑት። ድንጋዩ ቢጨመር፣ ቢጨመር ሳንቃዋ ወደ ጢሞ እንዳጋደለች ናት። «ይበል! የዘንድሮው ጥላ የአያ ጅቦ ነው» አሉ። ሁሉም አጨበጨበ። እመት አህያ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለችው። ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ፤ ያን ሁሉ ዓመት ነቅታ የጠበቀችውን የተኛ ወሰደው።

አያ ጅቦ ጢሞን ታቅፎ ሊለቀው ሄደ። «እዚያ ማዶ ውሃው ረጋ ያለ ነው» አለና ከሸንበቆው ኋላ ተሰወረ። እዚያም ቆሞ አየው።

«ልልሰው ብቻ» አለ። ላሰው።

«ክንፉን ብቀምሰው አይሞትም» አለ። ቀመሰው።

ከዚያ ወዲያ ምንም አላለም፤ አፉ ሥራ ላይ ነበር። አፉን በሣር ጠራርጎ ተመለሰ።

«እንዴት ነው፣ ሄደ?» አሉት አባ ኤሊ።

«ሄደ» አለ። ውሸትም አይደል፤ ሄዷል፣ ወዴት እንደሆነ ነው እንጂ።

ፀሐይዋ ዘንበል ማለት ስትጀምር ሚዳቋ ዓሣዋን ለቃ ሄደች። ጥንቸልም ሄደች። ምንም ያልያዘችው እመት አህያም ዘንጓን ልትሰበስብ ብድግ ስትል ቀበሮ ከተፍ አለች። በቅጠል የጠቀለለችው ነገር ነበራት።

«ወዴት ነው እቴ፣ ባዶ እጅሽን? ይሄ በማር የተለወሰ በሶ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሰክተሽ ወርውሪ።»

«ይመሽብኛል።»

«ምን ይመሻል! ጢሞ እኮ ከተለቀቀ በኋላ በጣም ነው የሚርበው። ሲቀርብሽ እያየሁ ነው የነገርኩሽ። ግን ተይው፣ ሂጂ፤ ጢሞን መያዝ የሁሉም ዕድል አይደለም።»

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ባትሰማ ኖሮ ትሄድ ነበር። ሰማቻት፤ ተመልሳም ተቀመጠች። ምስኪን! የምትጠብቀው ዓሣ ያለው ወንዙ ውስጥ ሳይሆን፣ አጠገቧ ተቀምጦ በሚያዛጋው አውሬ ሆድ ውስጥ ነው።

ጠበቀች። አንበሳ ዓሣውን ለቀቀ፤ ነብርም ለቀቀ፤ ጦጣም ለቀቀች። ፀሐይዋ ጉብታው ላይ ስትደርስ የእመት አህያ ቡሽ ጥልቅ አለ። ጎተተች። ጢሞ አልነበረም፤ ለግላጋ፣ ገና ጢሟ በቅጡ ያልወጣ ካርፕ ነበረች። አባ ኤሊ መዘኑና፣ «ይበል! ይቺ የዛሬዋ የመጨረሻ ዓሣ ናት። በይ ልቀቂያትና ወደየቤታችን እንግባ» አሉ።

የመጨረሻ የሚለው ቃል ያኔ ነው የገባት። ዞር ብላ አየች። ሚዳቋ የለችም፣ ጥንቸል የለችም። አያ ጅቦ እንቅልፉ ጠፍቶ አንገቷን እያየ ነው። ቀበሮ ከኋላው ቆማ ጅራቷን ታወዛውዛለች።

«ጌታ አንበሳ፣» አለች እመት አህያ፣ «እኔ ጉብታውን እስክሻገር ሌላ ይያዝልኝና ይልቀቅልኝ?»

አንበሳ ራሱን ነቀነቀ። «የያዘ ነው የሚለቀው፤ ለሁሉም እንደዚያ ነው። ዛሬ ላንቺ ባዛባው ነገ ሕጉን የሚያምነው የለም። እኔም ራሴ ሲመሽ ይርበኛል፣ እመት አህያ።»

ዓሣዋን በፊት እግሮቿ ደግፋ ውሃው ውስጥ ቆመች። እስከያዘቻት ድረስ ማንም አይነካትም። ግን ዓሣዋ እየደከመች ነው፤ አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል። እመት አህያ አየቻት። «እኔን ፈርተሽ ነው አይደል?» አለቻት ቀስ ብላ። «እኔም የምፈራው አለኝ። አንቺን ገድዬ ብተርፍ ግን፣ ከዚህ በኋላ እዚህ ወንዝ ዳር በምን ዓይኔ እቀመጣለሁ?» ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀቻት። ከዚያ እግሮቿን ከፈት አደረገች። ዓሣዋ ጅራቷን አወናጭፋ ወደ ጥልቁ ገባች።

«አሁን!» አለች ቀበሮ።

አያ ጅቦ ዘለለ። እመት አህያን አሸዋው ላይ ጣላት፤ ደረቷ ላይ ቆሞም አፉን ቦርግዶ ወደ አንገቷ መጣ። እሷ ዓይኗን ልትጨፍን ስትል፣ በዚያ አፍ ውስጥ፣ በሁለት ጥርሶች መካከል፣ አንድ ነገር ብልጭ አለባት። ሰፊ ነው። እንደ መስታወት ነው።

«ጌታ አንበሳ!» ብላ ጮኸች። «ጢሞ! አያ ጅቦ አፍ ውስጥ የጢሞ ቅርፊት አለ!»

አንበሳ ካለበት ቋጥኝ በአንድ ዝላይ ደረሰ። «አፍህን ክፈት!» አለ።

«እምም» አለ ጅብ፣ አፉን ገጥሞ።

«ክፈት!»

ከፈተ። አባ ኤሊ መጡ። መቼም አመጣጣቸውን ታውቁታላችሁ፤ እስኪደርሱ ሁሉም ቆሞ ጠበቀ፣ ጅብም አፉን እንደከፈተ ጠበቀ። ቅርፊቱን ከጥርሱ መካከል አወጡና ለረጅም ጊዜ አዩት። «እሱ ነው» አሉ። «ስንት ዓመት መዝኜዋለሁ! ወይኔ ጢሞ!» ሽማግሌው አለቀሱ። እመት አህያም ወድቃ እንዳለች አለቀሰች። ሁሉም አንገቱን ደፋ።

«እሺ፣ እሱን በልቻለሁ፤ ጥፋቴ ነው» አለ ጅብ። «የአህያዋ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ዓሣዋን ለቃለች፣ ሰላሙ አብቅቷል። ሕግ ሕግ ነው!»

«ልክ ነህ፣ ሕግ ሕግ ነው» አለ አንበሳ። «እስቲ ሕጉ ምን ይላል?»

«የመጨረሻው ዓሣ ወደ ውሃው እስኪመለስ ድረስ...» አለና አያ ጅቦ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ጢሞ ተመልሷል?»

«አልተመለሰም።»

«እንግዲያው ሰላሙ አላበቃም። ከላይዋ ውረድ።»

«ነገ ሌላ ዓሣ ይዤ እመልሳለሁ!»

«ያንኑ ነው የምትመልሰው» አለ አንበሳ። ይህን ሲል ሰላሙ እሱንም እንዳሰረው ገባው፤ የተራበ ሆዱ ሲጮህ ሁሉም ሰማው፤ ግን ቃሉን አልመለሰም።

አባ ኤሊ ወደ እመት አህያ ዞሩ። «አንቺ ዓሣሽን አልለቅም ብለሽ እጅሽ ላይ ብትሞት ኖሮ፣ ሕጉን ያፈረስሽው አንቺ ትሆኚ ነበር፤ ያኔ ማንም አይቆምልሽም ነበር» አሏት። ቀበሮን ፈለጓት። «ኧረ እኔ ምን አውቄ!» የሚል ድምፅ ከጉብታው ማዶ ብቻ ተሰማ። እመት አህያ አሸዋዋን አራግፋ፣ ሳትሮጥ፣ ቀስ እያለች ወደ ቤቷ ሄደች።

ጢሞ መቼም አይመለስምና፣ ከዚያ ወዲህ በጭቃሜ ወንዝ ዳር ማንም ማንንም ነክቶ አያውቅም። አያ ጅቦ በየዓመቱ ዓሣ ይይዛል፤ ከሸንበቆው ኋላ ሳይሆን ሁሉ እያየው፣ ትንፋሹን አስመልሶ ይለቀዋል፤ ከዚያ ዞር ብሎ፣ «አሁንስ?» ይላል። «ያንኑ» ይለዋል አንበሳ። እመት አህያ አጠገቡ ተቀምጣ ቡሿን ታያለች። ሁለቱም ጆሮዎቿ ወደ ፊት ናቸው። ጢሞን ግን አሁንም ትናፍቀዋለች፤ ቡሹ ጥልቅ ባለ ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል።

ከዚህ የምንማረው፣ ማንም አያየኝም ብለን የሁላችንን ሕግ ስናፈርስ፣ ያው ሕግ ለእኛ እንዲሠራልን በምንፈልግበት ቀን መፍረሱን የሚመሰክርብን የገዛ አፋችን እንደሚሆን ነው።