ግራ እጅ የሚያውቀው ቢላዋ

አንድ ጠላቂ ነበረ። ሥራው ግድብ ውስጥ ነው። ግድቡ ሲሞላ የዋጠው መንደር ከነዛፉ ከነቤቱ ውኃው ሥር እንደቆመ ነው፤ ዓሣ አስጋሪዎች የሚጥሉት መረብ እዚያ ይያዝና ይቀራል። ይህ ሰው እየወረደ ቆርጦ ያወጣዋል።

ቢላዋው ዓይን የሚስብ አልነበረም። ጫፉ ዱልዱም፣ አንዱ ጎኑ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው፣ እጀታው ላስቲክ የተጠመጠመበት። ጓደኞቹ ከየትኛው ልኳንዳ ተባርረህ ነው ይሉታል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ውኃው ዳር ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንዴ በቀኙ አንዴ በግራው ይመዘዋል፤ መልሶ ይከተዋል። ይሄን ሲያዩ ይብስ ይስቁበታል።

ከሳቂዎቹ መሀል አንዱ ባለ ቆንጆ ቢላዋ ነበረ። ስለቱ መስተዋት፣ እጀታው ቀንድ። ባለ ዱልዱሙ እሱን ባየ ቁጥር ምራቁን ይውጣል። ይህን ግን ለማንም አልተናገረም።

አንድ ቀን ባለ ቆንጆው ወርዶ ቀረ። ገመዱ ባዶውን ወጣ። የአገሩ ሰው፣ ያ መንደር ሰው ጎድሎታል፣ በስም እየጠራ ይወስዳል አለ። የሟቹ እናት መጥተው ዳር ላይ ተቀመጡ። «አፈር ላልብሰው» አሉ።

ባለ ዱልዱሙ ወረደ። ውኃው አረንጓዴ ነበር፣ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ቀለም አጣ። ቤቶቹ በራቸውን ከፍተው ቆመዋል። በአንደኛው ደጃፍ ሟቹ እንግዳ እንደሚጠብቅ አባወራ ተቀምጧል። ፀጉሩ ይወዛወዛል። ቀኝ እጁ ያ የቀንድ እጀታ ላይ ነው።

አስቀድሞ ሬሳውን በገመድ ማሰር ነበረበት። እጁ ግን ወደ ሟቹ ቢላዋ ሄደ። ለእሱ ከእንግዲህ ምን ይሠራለታል፣ አለ በልቡ። ሳበ፤ እምቢ አለ። ጠንከር አድርጎ ሳበ። ሟቹ አብሮ መጣና ግንባሩን ትከሻው ላይ አሳረፈ። ከኋላው መረቡ ተከትሎ መጣ፤ ቀኝ ክንዱን ከሟቹ ክንድ ጋር ጠቀለለው። በታገለ ቁጥር ይጠብቃል። አየሩ እያለቀ ነው። ከቤቱ ውስጥ፣ ከጨለማው፣ አንድ ሰው በስሙ የጠራው መሰለው። ቀስ ብሎ፣ እንደሚያውቀው ሰው።

ያኔ ግራ እጁ ሳያዘው ሄደ። ጠዋት ጠዋት የሄደበትን መንገድ ሄዶ ዱልዱሙን ይዞ ተመለሰ። የማይወጋው ጫፍ በመረቡና በደረቱ መሀል ሾልኮ ገባ፤ ጥርሱ ናይለኑን ነከሰ። ራሱን ፈታ፣ ሟቹንም ፈታና ይዞት ወጣ።

ዳር ላይ ያንን ቆንጆ ቢላዋ አዩት። ባለቤቱ ውኃ እንዳይወስድበት ሰግቶ፣ እጀታውን ከአፎቱ ጋር በናይለን ክር ጥብቅ አድርጎ ሰፍቶታል። እናትየው፣ ልጄን ማን ነው የያዘው ብለው ጠየቁ። ባለ ዱልዱሙ ስፌቱን በመዳፉ ሸፈነ።

እንግዲህ አንተ ልጅ፣ ለመጥለቅ የትኛው ቢላዋ ይታመናል ብለህ ጠየቅኸኝ። የማይዝግ ይሁን፣ ጥርስ ይኑረው፣ ጫፉ አይሹል፤ ይሄን ሻጩም ይነግርሃል። ባለ ቆንጆው ግን ቢላዋው እንዳይጠፋበት ሲጠነቀቅ ራሱ ጠፋ። አንተም አዲሱን ቢላዋህን ወገብህ ላይ አስረህ መጥተሃል፤ እንዳይጫርብህ የሱቁን ላስቲክ ገና አልላጥህለትም። የሟቹን ወንድም ትመስለኛለህ።

በል ቁም። ዓይንህን ጨፍን። ቀኝ እጅህን ወዲህ ስጠኝ፤ አልለቅህም። አሁን በግራህ አውጣው።