የማሽላው ጉድጓድና የኮረብታው ጎተራ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ዓይኑ ያላረፈበትን ነገር የማያምን።

መምህር ውብሸት ይህን ታሪክ የጀመሩት ትርሲት የምትባል ልብስ ሰፊ ላቀረበችላቸው ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። ትርሲት የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የአሥራ አንድ ትምህርት ቤት ልጆች ልክ፣ የየትምህርት ቤቱ ቀለምና ንድፍ፣ የሰባት ዓመት ሥራዋ ሁሉ ያለው በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ያ ኮምፒውተር ሰሞኑን እያጓራ በራሱ መጥፋት ጀምሯል። ሰዎች «ክላውድ ላይ ጫኚው» አሏት።

«ጋሼ፣ ክላውድ ማለት የማላውቀው አገር ያለ የሌላ ሰው መጋዘን ነው አሉኝ» አለቻቸው። «መስከረም ሊጠባ ሁለት ወር ነው የቀረው። እዚያ ሰድጄው ባጣውስ? እዚሁ ትቼው ቢሞትብኝስ? ምን ላድርግ?»

መምህሩ ቀጠሉ።

ገበሬው የቆላ ሰው ነበር። በዚያ አገር ማሽላ የሚቀመጠው በጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ በቤት ወለል ሥር ይቆፈራል፣ በጭቃና በገለባ ይመረጋል፣ እህሉ ይገለበጥበታል፣ አፉም በድንጋይና በአፈር ይደፈናል። ከተደፈነ በኋላ እስከሚፈለግበት ቀን አይከፈትም፤ አየር ከገባው ይበላሻል ይባላል። የገበሬው ዘርም የዓመት ቀለቡም በዚያ ጉድጓድ ነበር።

ባለፈው ክረምት ወንዙ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ መንደሩ ተጠጋ። የአንድ ሰው ጉድጓድ ውሃ ገባበት፤ ሲከፈት ማሽላው ጠቁሮ፣ ሽታው ሰፈር አላስቀምጥ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበሬው ዕረፍት አጣ። በየማለዳው ወለሉን በመዳፉ ይዳብሳል፤ የረጠበ ይመስለዋል። ተንበርክኮ ያሸታል። ተነሥቶ ይወጣና ከበር ተመልሶ እንደገና ያሸታል።

«ዛሬስ መሬቱ ምን አለህ?» ትለዋለች ሚስቱ።

«ምንም አላለኝ።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ?»

«ዝም ማለቱ ነዋ!»

ከመንደሩ በላይ ባለው ዓለታማ ኮረብታ ላይ አንድ ባለጸጋ ትልቅ ጎተራ ሠርቶ ነበር። ጎተራው በድንጋይ ምሰሶ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ ነው፤ ዘበኛ አለው፣ ለአይጡም ድመት ተቀጥሮለታል። ሰው የፈለገውን ያህል ያስገባል። ጥጋብ ሲሆን ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ እህል ሲያንስ ጠባብ፤ ኪራዩም በያዘው ቦታ ልክ ነው። ለአንድ ዓመት ጥጋብ ብሎ አዲስ ጉድጓድ የሚቆፍር አልነበረም።

«ውሰደው» አለች ሚስቱ።

«ሰው ቤት ያለ፣ ዓይኔ የማያየው እህል የኔ ነው?»

«የጉድጓዱንስ መቼ አይተኸው ታውቃለህ?»

ገበሬው ወለሉን ሊያሸት ተመልሶ ተንበረከከ።

ጎረቤቱ ግን ሲያስብ አልዋለም። ጉድጓዱን ከፍቶ፣ ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን በአህያ አጋዘና ተገላገለ። ሲመለስ ገበሬውን ተንበርክኮ አገኘው። «አንተ ገና ወለል ታሸታለህ? ፈሪ ለእናቱ ይሆናል ይላሉ፤ አንተ ለማን ልትሆን ነው?» ብሎ ሳቀበት።

ገበሬው በመጨረሻ ድንጋዩን አነሣ። እህሉን እየዛቀ እስከ ሥር ወረደ። ማሽላው ከሥር ረጥቧል፤ የላይኛው ደህና ነው። አንድ ጆንያ ብቻ ሞልቶ ወደ ኮረብታው ወጣና ለጎተራው ጠባቂ አስረክቦ ተመለሰ። በማግስቱ ማለዳ ተመልሶ ሄደና «ጆንያዬን ስጠኝ» አለ።

እህል ሊያስገቡ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ጠባቂውም «በእንግድነት ነው እንዴ ያመጣኸው፣ አሳድሬ እንድሸኝልህ?» አለው።

ገበሬው ፊቱ ተቃጠለ። ሊመለስ ዞረ፤ እግሩ ግን አልሄድ አለው። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ግን ስጠኝ» አለ በቀጭን ድምፅ።

ጠባቂው ገባ። ቆየ። ባዶ እጁን ወጣ።

«ምልክትህ ምንድን ነው?»

«የምን ምልክት?»

በጉድጓድ ያደገ ሰው ምልክት አያውቅም። በገዛ ወለሉ ሥር ላለ እህል ማን ምልክት ያደርጋል? በጎተራው ውስጥ ግን ጆንያው ሁሉ ያው ጆንያ፣ ማሽላው ሁሉ ያው ማሽላ ነበር። ገበሬው ራሱ ገብቶ አንዱን ሲያነሣ ሌላውን ሲጥል ላቡ ጀርባውን አራሰው። እኩለ ቀን ላይ፣ ሚስቱ በጣፈችው ቁራጭ ጨርቅ ለይቶ አገኘው። አቅፎት ቁጭ አለ። «ለአንድ ጆንያ ግማሽ ቀን። ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ሃያ ጆንያ ሁሉ አምጥቼ ቢሆን ኖሮስ?» ብሎ አሰበ።

ከዚያ ወዲያ ለመጠየቅ ያፈረውን ሁሉ ጠየቀ። እኔ ብሞት ሚስቴ በምን ታወጣዋለች? ሁሉንም ልውሰድ ብል ስንት ቀን ትፈልጋለህ? እዚህ እሳት ቢነሣስ? ጠባቂው «እስካሁን እንዲህ ያደረቀኝ ሰው የለም» እያለም ቢሆን መለሰለት።

ገበሬው ቤቱ ገብቶ የረጠበውን ጣለ፤ ዘሩን ለብቻ፣ ቀለቡን ለብቻ አደረገ። ዘሩን በቀይ ክር፣ ቀለቡን በነጭ ክር አሰረ። ከየክሩ ቆርጦ አንዱን ለራሱ ያዘ፣ አንዱን ለሚስቱ ሰጠ። መጀመሪያ ቀለቡን አጋዘ፤ አስገብቶ፣ አውጥቶ፣ ልቡ ትንሽ ሲረጋ ዘሩን አስከተለ። ከዘሩም ጥቂት በቅል አድርጎ ደጋ ላለችው እህቱ ላከ፤ ጎተራም ይቃጠላልና።

በበልግ ጎርፍ መጣ። የመንደሩን ጉድጓድ ሁሉ ሞላው። ውሃው ሲጎድል ሰው ለመዝራት ወደ ጎተራው ሮጠ። ገበሬው ቀይ ክሩን አሳይቶ ዘሩን ተሸክሞ ወረደ። ያም ሆኖ ጆንያውን ፈትቶ እስኪያሸተው ድረስ አላመነም። ጎረቤቱ ግን ያስገባው ሁሉ የተደባለቀ ነበር፤ ዘርና ቀለቡ፣ ቶሎ የሚደርሰውና የሚዘገየው። ደግሞም ምልክት የለውም። የቱ የቱ እንደሆነ ሲፈልግ የመሬቱ እርጥበት አለፈበት። እህሉ አልጠፋም፤ ዓመቱ ግን ጠፋበት።

መምህሩ ወደ ትርሲት ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ጉድጓዱ ያ የሚያጓራው ኮምፒውተርሽ ነው። ጎተራው ደግሞ ክላውድ ያሉሽ ነው፤ ጠባቂ አለው፣ ሥራሽ ሲበዛ ይሰፋልሻል፣ ሲያንስ ይጠብልሻል። ከጉድጓዱ ይሻላል፤ ውሰጂው። ግን ልብ በዪ፣ ለሁለቱም ጎረቤታሞች ጎተራው አንድ ነበር።»

«ከምን ልጀምር ታዲያ?»

«ከአንድ ጆንያ። የማይረባውን ጣዪ፣ የቀረውን በየስሙ ለዪ። ከዚያ የአንድ ትምህርት ቤት ልክ ብቻ ላኪ። በማግስቱ ከሌላ ኮምፒውተር አውጪውና በእሱ የአንድ ልጅ ሸሚዝ ቁረጪ። ለልጁ ልክ ከሆነው ሁለተኛውን ትምህርት ቤት ላኪ። አንቺ ብትታመሚ ማን ገብቶ እንደሚያወጣው ወስኚ። አንድ ቅጂም ሌላ ቦታ ይኑርሽ።»

ትርሲት የሻርፗን ጫፍ ትጠቀልል ነበር። «ክላውድ ላይ ጫኚው ያሉኝን ሰዎች ይህን ሁሉ ስጠይቃቸው ቢስቁብኝስ?»

«ይሳቁብሽ! የሚስቁብሽ በሐምሌ ነው። በመስከረም ዩኒፎርም አጥተው ልጆቻቸውን ይዘው በርሽ ላይ ከሚቆሙት እናቶች ቁጣ የእነዚህ ሳቅ ይቀልሻል።»