ለትርንጎ የወጣው ሽልማት

አንድ ነጋዴ በአንዲት የገበያ ከተማ ውስጥ ትልቅ ሱቅ ነበረው። ስሙ ስንሻው ይባላል። በሱቁ ከሳሙና እስከ ብርድ ልብስ የማይገኝ ነገር አልነበረም። ሆኖም ከመንገዱ ማዶ ሌላ ትልቅ ሱቅ ከተከፈተ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። ደንበኞቼ አንድ በአንድ ጥለውኝ ይሄዳሉ ብሎ ፈራ።

በዚህ ጊዜ ከሌላ ከተማ የመጣ የኮምፒውተር ባለሙያ ቀረበውና ምክር ሰጠው።

«ጋሼ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ስሙ ያለበት ካርድ ይስጡ። በገዛ ቁጥር ካርዱን ያሳይ፤ ነጥብ ይያዝለት፤ ነጥቡ ሲሞላ ሽልማት ያግኝ። እሱ ሽልማቱን ያስባል። እርስዎ ደግሞ ምን እንደሚገዛ፣ መቼ እንደሚገዛ፣ ምን መግዛት እንዳቆመ ያውቃሉ።»

«አውቄስ ምን ላደርገው ነው?»

«በየዓይነታቸው ይለዩዋቸዋል። ሕፃን ያለበት ቤት ለብቻ፣ ድግስ ያለበት ለብቻ፣ ብቻውን የሚኖር ለብቻ። ከዚያ እያንዳንዱ የሚፈልገውን ነገር ሳይጠይቅዎት ያቀርቡለታል። ሰው የሚያውቀውን ሱቅ ጥሎ አይሄድም።»

ስንሻው ምክሩን ወደደው። ሦስት ወር ሳይሞላ የከተማው ግማሽ ሕዝብ ካርድ ያዘ። ባለሙያው ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሩን አስቀምጦ ይሠራል። ሁልጊዜ በገበያ ቀን ጠዋት የደንበኞቹን ዝርዝር ይዞ ይመጣል።

«ይኼ ቤት ሰርግ ሊደግስ ነው» ይላል። ሁለት ሳምንት ሳይቆይ የሰርግ ጥሪው ይበተናል።

«ይኼ ሰውዬ ደግሞ ሲጋራ ሊተው እየታገለ ነው። ሲጋራውን ቀንሶ ከረሜላ አብዝቷል» ይላል። እውነትም ሰውዬው እየታገለ ነበር።

«አንተ ጠንቋይ ነህ እንዴ?» ብሎ ስንሻው ይስቃል።

«ጠንቋይ ይገምታል ጋሼ። እኔ አልገምትም።»

ባለሙያው ሽልማቱ ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ መልእክት እንዲነገር ፈልጎ ነበር። ስንሻው ግን እምቢ አለ። ረቡዕ የገበያ ቀን ነው፤ ሱቁ በር ላይ ደግሞ ሞንታርቦ አለ። ስንሻው ያንን ድምፅ ማጉያ ከሱቁ ዕቃ ሁሉ አብልጦ ይወደው ነበር።

«ሽልማት እንደ ሐሜት በጆሮ ይነገራል እንዴ?» አለ። «በአደባባይ ነው እንጂ! የአንዱ ስም ሲጠራ ሌላው ይቀናል። የቀና ደግሞ ካርድ ያወጣል።»

በዚያች ከተማ ትርንጎ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ቤቷ ከገበያው ጀርባ ነው። ልጅ የላትም። ያላት አንድ ወንድም ብቻ ነው፤ እሱም አድማሱ የተባለ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ካለፈው ዓመት በፊት አድማሱ አንድ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሳያስበው ሰው ገጭቶ ገደለ። ፍርድ ቤት ፈረደበት፤ ቅጣቱንም ጨርሶ ወጣ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ባዬ ግን «የእኔ ፍርድ ገና ነው» አለ።

ሽማግሌዎች በመካከል ገቡ። ስንት ወር ለመኑ፣ ተመላለሱ፣ ደጅ ጠኑ። በመጨረሻ ባዬ ለእርቅ እሺ አለ። ቀኑም ለቅዳሜ ተቆረጠ። አንድ ነገር ግን አስምሎ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አድማሱ ከተማዋን እንዳይረግጥ። «ድንገት ካየሁት ለራሴም ዋስ አልሆንም» ብሎ ነበር። ስለዚህ አድማሱ ቆላ ወርዶ ቆየ።

ቅዳሜ ሊደርስ ዐሥር ቀን ሲቀረው ወባ ጣለው። የሚያስታምመው ሰው አልነበረም። አንድ የድሮ ጓደኛው በጭነት መኪናው ከእህል ጆንያ መካከል አስተኝቶ አመጣውና እህቱ ቤት አወረደው። ትርንጎ በሩን ከፍታ አየችው። ብትመልሰው ይሞታል፤ ብታስገባው መሐላ ይፈርሳል። አስገባችው።

ከዚያ ወዲህ የምትኖረው ቀን እየቆጠረች ነበር። በሰፈሯ ካሉት ትንንሽ ሱቆች መግዛት አልቻለችም። እዚያ ሁለት ዳቦ ብትጨምር «እንግዳ መጣብሽ እንዴ?» ትባላለች። ስለዚህ ወደ ስንሻው ሱቅ ሄደች። ትልቅ ሱቅ ውስጥ ማን ማንን ይጠይቃል? ብርቱካን ገዛች። ለስላሳ ብስኩት ገዛች። እግሩን ሲበርደው ወፍራም ካልሲ ገዛችለት። ቅዳሜ በሽማግሌዎቹ ፊት ጢሙ አድጎ እንዳይቀርብ ምላጭም ገዛች። ሒሳብ የምትቀበለዋ ልጅ «ካርድ አለሽ?» ስትላት፣ እንደ ልማዷ ካርዷን አሳየች።

ረቡዕ ጠዋት ባለሙያው ዝርዝሩን ይዞ መጣ።

«ዛሬ ደስ የሚል ነገር አለ» አለ። «ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች። ከሳምንት ወዲህ ቤቷ ወንድ ገብቷል። ምላጭ፣ የወንድ ካልሲ፣ ዳቦው እጥፍ።»

«ማን ናት?»

«ትርንጎ ትባላለች።»

«ትርንጎ አገባች?» ስንሻው ከወንበሩ ተነሣ። «ሳትነግረን? ቆይ፣ አሳያታለሁ!»

እንደ ማንኛውም ሰው አድማሱ ቆላ ነው ብሎ ያምን ስለነበር፣ ሌላ ነገር ወደ ልቡ አልመጣም። ደስ ብሎት አንድ አዲስ ሸሚዝ ከመደርደሪያው አወረደ።

ገበያው በደመቀበት ሰዓት ትርንጎ ዘንቢሏን ይዛ ከሱቁ ስትወጣ፣ ሞንታርቦው ተከፈተ።

«የተከበራችሁ ደንበኞቻችን! ዛሬ ልዩ ሽልማት አለን! ትርንጎ፣ የት ልትሄጂ ነው? ነይ ወዲህ! ደብቀሽን ነበር፤ ሱቃችን ግን ያውቃል! ምላጭ የተገዛለት፣ ካልሲ የተገዛለት አዲሱ አባወራ ማን ነው? ለእሱ ይህ ሸሚዝ በነፃ! እልል በሉላት!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ገበያተኛው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺ ትርንጎ! ድግሱን ብቻሽን በላሽው?» አለች ሽንኩርት ሻጯ።

«ከሳምንት ወዲህ ሰላምታሽ ያጠረው ለካ ለዚህ ነው!» አለ አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ።

«ንገሪና! ማንን ነው ያገባሽው?»

ትርንጎ ፈገግ ለማለት ሞከረች። አዎ አገባሁ ልትል አፏን ከፈተች። ግን የማንን ስም ትጥራ? ዓይኗ ሳታዝዘው ወደ ጨው ሻጮቹ ተራ ሄደ። ባዬ እዚያ ቆሞ ነበር። እሱ አልሳቀም።

ባዬ ቀስ ብሎ ወደ ሱቁ በር መጣ። ባለሙያው በሩ ላይ ዝርዝሩን እንደያዘ ቆሟል። ለከተማው እንግዳ ስለነበር ባዬን አያውቀውም፤ ስለ ደሙም የነገረው የለም።

«ወንድሜ» አለው ባዬ በለሆሳስ። «እኔ የቤተሰቡ ወዳጅ ነኝ። ሰውዬው ምን ዓይነት ሰው ነው? ቁመቱ ትልቅ ነው?»

ባለሙያው በሥራው ኮራ። «ቁመቱን ካርድ አይናገርም። የተገዛለት ካልሲ ግን አርባ ሦስት ቁጥር ነው። ታሞም ነበር መሰለኝ፤ ብርቱካንና ለስላሳ ብስኩት አብዝታለች። ከገባ ሳምንት ቢሆነው ነው።»

«ታሞ ነበር» አለ ባዬ። «ከቆላ የመጣ ሰው ነዋ!»

እጁን ኮቱ ውስጥ አስገባና ወደ ገበያው ጀርባ መራመድ ጀመረ። አይሮጥም። አለመሮጡ ግን ከሩጫ ይልቅ ያስፈራ ነበር።

ትርንጎ ዘንቢሏን ጣለች። ብርቱካኑ በየእግሩ ስር ተንከባለለ። በሰው መካከል እየተጋፋች ቀደመችውና ወደ ቤቷ የሚወስደው ጠባብ መንገድ አፍ ላይ ደርሳ ፊቱ ቆመች።

«በሕግ አምላክ!» አለች። «ባዬ፣ በሕግ አምላክ ቁም!»

በዚያ አገር ይህ ቃል ከተጠራበት በኋላ አንድ እርምጃ የሚጨምር ሰው ከሰው አይቆጠርም። ባዬ ቆመ።

«ከመንገዴ ውጪ።»

«አልወጣም። ሦስት ቀን ነው የቀረው፤ ሦስት ቀን ብቻ!»

«ከተማዋን አይረግጥም ተብሎ ተምሏል። መሐላውን ያፈረሳችሁት እናንተ ናችሁ።»

«ወባ ይዞት ነው! እየተንቀጠቀጠ ደጄ ላይ ልጣለው? አንተ ብትሆን ወንድምህን ትጥለው ነበር?»

«እኔማ የምጥለው ወንድም የለኝም» አለ ባዬ።

ይህን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ ዘለቀ፣ ከገበያተኛው መካከል ወጥተው የባዬን ክንድ ያዙ።

«ልጄ፣ በሕግ አምላክ ተብለሃል» አሉት። «ወንድምህ ሕግ የሚያከብር ሰው ነበር። በእሱ ስም ሕግ አታፍርስ። ያንን እጅህን ለእኔ ስጠኝ፤ እስከ ቅዳሜ ላቆየው።»

ባዬ ከትርንጎ ጀርባ ያለውን መንገድ አየ። በመጨረሻ እጁን ከኮቱ ባዶውን አወጣና ለሽማግሌው ሰጣቸው።

«እስከ ቅዳሜ» አለ። «ቅዳሜ ግን ዓይኑን ማየት እፈልጋለሁ።»

ሰዉ ሁሉ ተነፈሰ። ትርንጎ አልቅሳ አያ ዘለቀን አመሰገነችና ወደ ቤቷ ሮጠች። ለወንድሟ «ተርፈሃል» ልትለው ነበር።

ቤቷ ስትደርስ አልጋው ባዶ ነበር። የጓሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

የስንሻው ሞንታርቦ እስከዚያ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። አድማሱ የእህቱን ስም ሰማ፤ ምላጩን ሰማ፤ ካልሲውን ሰማ። ተይዣለሁ ብሎ ትኩሳቱ ሳይለቀው ሸሸ። ከዚያ በኋላ ጠባቡ መንገድ አፍ ላይ የሆነውን አልሰማም። ባዬ እንደቆመ፣ እጁንም ባዶ እንዳወጣ የነገረው የለም።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተቀመጡ። ባዬ እናቱን ይዞ መጣ። ነጭ ለብሶ ነበር። እስከ ቀትር ጠበቁ፤ ከቀትርም በኋላ ጠበቁ። በወዲያኛው ወገን ትርንጎ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ልቤን አዘጋጅቼ መጥቼ ነበር» አለ ባዬ እየተነሣ። «የተጸጸተ ሰው ከእርቅ አይሸሽም። ከእንግዲህ ማንም እንዳይለምነኝ።» «ሞንታርቦውን ሰምቶ ፈርቶ ነው» አለች ትርንጎ፤ ባዬ ግን እናቱን ይዞ ሄደ።

ሰኞ ትርንጎ ወደ ስንሻው ሱቅ ሄዳ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ትርንጎ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ማሪኝ» አላት ስንሻው። «እኔ ላስደስትሽ ብዬ ነው። በክፋት አልነበረም።»

«አውቃለሁ ጋሽ ስንሻው፣ በክፋት አይደለም» አለች። «እኔ ግን ብርቱካን ልገዛ ነበር የመጣሁት። ቤቴን ላሳይዎት አልመጣሁም።»

ይህን ብላ ወጣች። ስንሻው ወደ ጀርባው ክፍል ሮጦ ገባና ኮምፒውተሩ ፊት ያለውን ባለሙያ ትከሻውን ያዘው።

«ይኼ ኮምፒውተር ሁሉን ያውቃል ብለኸኝ አልነበረም? ማን እንደሚያገባ፣ ማን እንደታመመ ያውቃል ብለኸኝ አልነበረም? እንግዲህ ንገረኝ። የትርንጎ ወንድም አሁን የት ነው? ፈልገን እንመልሰው። ባዬን እንለምነው። የት ነው ያለው?»

ባለሙያው አንገቱን ደፋ።

«አይታወቅም ጋሼ» አለ። «እሱ ካርድ የለውም።»

ስንሻው ስለ ሰው ያወቀው ሁሉ ትክክል ነበር። ምላጩም፣ ካልሲውም፣ ወንዱም እውነት ነው። ጥፋት የሆነው ውሸት ስለተናገረ ሳይሆን፣ ያልተሰጠውን እውነት እንደ ራሱ ንብረት በአደባባይ ስለበተነው ነው። ሰው በየቀኑ በምናያት ትንሽ ነገር የቤቱን ምስጢር ሳያውቅ በእጃችን ያስቀምጣል። ያ አደራ ነው። አደራ ደግሞ ለባለቤቱ መልካም ያመጣል ብለን ስላሰብን ብቻ የእኛ አይሆንም። ከመናገራችን በፊት ባለቤቱን መጠየቅ አለብን። የወጣን ቃል በየትኛውም ዋጋ መልሶ መግዛት አይቻልም።

እናንተስ ስለ ጎረቤታችሁ፣ ስለ ጓደኛችሁ፣ ስለ ደንበኛችሁ፣ እሱ ሳይነግራችሁ ያወቃችሁት ነገር አለ? ነገ በደስታ ልታወሩት ስትነሡ፣ ከሚሰሙት መካከል የማይስቀው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?