ሟቹን አላወጣም ያለው የእንፋሎት መኪና

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ። ላሟን ጦርነቱ በልቷታል።

በጀርመን አገር፣ ናፍጣ ገና መንገዱን ሁሉ ሳይወርስ፣ በእንፋሎት የሚሄዱ የጭነት መኪኖች ነበሩ። ከሰል ይበላሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ እንደ ባቡር ያፏጫሉ፣ ጭሳቸው የተሰጣ ልብስ ያጠቁራል። ለመነሳት እንደ ሽማግሌ ናቸው፤ ውሃቸው እስኪፈላ ነጂው ቁርሱን በልቶ፣ ጋዜጣውን አንብቦ፣ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ይታረቃል። ከነሱ አንዱ በኖራ ድንጋይ ኮረብታ ስር ባለች መንደር የቢራ በርሜል ያመላልስ ነበር። ከትልቁ ጦርነት በኋላ ቢራውም ቀረ፣ መኪናውም ቆመ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በክፉ ክረምት፣ ቫልቡርጋ የምትባል ሴት ባሏ ሞተባት። ባሏ ኢግናጽ አናጺ ነበር። ሴትዮዋ የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ኮረብታው አናት ባለው መቃብር፣ በልጅነቷ ከሞተችው ልጃቸው ጎን ልታስተኛው። ጉድጓዱ ተቆፍሯል። ቆፋሪው ግን እንዲህ ብሎ ላከባት፦ «እስከ ነገ ማታ ካላመጧቸው በረዶ ይሞላዋል፤ መሬቱንም እስከ ጸደይ ዶማ አይበሳውም። ያኔ ታች ወንዙ ዳር፣ ስም ከሌላቸው ጋር ነው የሚቀበሩት።»

ዳገቱ መስታወት ሆኗል። ፈረሶቹን ጦርነቱ ወስዷቸዋል፤ ሬሳ የሚሸከሙትንም ወንዶች እንዲሁ። የቀረው መኪናው ነው።

ነጂውን ኮርቢኒያንን ቀዝቃዛው ጎማ ላይ ተደግፎ አገኘችው።

«ኮርቢኒያን ልጄ፣ ባሌን ዳገቱን አውጣልኝ።»

«እማማ፣ እኔማ ደስ ይለኛል። ግን እኔ መሪ ያዥ ነኝ። እሳት ሳይነድ መሪ ይዤ ምን ላድርግ? ልዘምር? እሳት አንዳጁን ሎይስን ይጠይቁት።»

መኪናው ሟቹን አላወጣም አለ።

ወደ ሎይስ ሄደች። «ሎይስ፣ መኪናው ሟቹን አላወጣም አለ። እሳቱን አንድድልኝ።»

«ባዶ የእንፋሎት ጋን ስር? እማማ፣ እርስዎ ባዶ ድስት ይጥዳሉ?»

«ከውሃ ጉድጓዱ ቀድተህ ሙላበት እንግዲህ!»

«የኛ ጉድጓድ ውሃ ኖራ ነው። ፈልቶ ቧንቧው ውስጥ ድንጋይ ይጋግራል። ድንጋዩ ሲበዛ ጋኑ ይፈነዳል። ያኔ ኢግናጽን ብቻ ሳይሆን እኔንም ኮርቢኒያንንም ነው የሚያስወጡት፤ እሱም ቁርጥራጫችን ከተገኘ። ይሄ መኪና የሚጠጣው የዝናብ ውሃ ነው። የዝናብ ውሃ ያላት ልብስ አጣቢዋ ክሬሴንስ ናት።»

እሳቱ መኪናውን አላስነሳም አለ፤ መኪናው ሟቹን አላወጣም አለ።

ወደ ክሬሴንስ ሄደች። በኖራ ውሃ ሳሙና አረፋ ስለማይሰጥ፣ አጣቢዋ ከጣሪያዋ የሚወርደውን ዝናብ በድንጋይ ገንዳ ታጠራቅም ነበር። «ክሬሴንስ እህቴ፣ እሳቱ መኪናውን አላስነሳም አለ፤ መኪናው ሟቹን አላወጣም አለ። ውሃ ስጪኝ።»

«ውሃ? ውሃማ እኔም አማረኝ! ነይ እዪ!» አለችና ገንዳውን በልብስ መምቻዋ ደበደበችው። በረዶው እንደ ደወል ጮኸ። «እስከ ታች ድንጋይ ሆኗል። ትልቁ ድስቴ ስር የማነደው ከሰል አምጪልኝና አቀልጥልሻለሁ።»

«ትንሽ እንጨት የለሽም?»

«ለራሴ የሚሆን አለኝ። አይክፋሽ፣ ቫልቡርጋ። ያንቺ ባል አልጋው ላይ ነው የሞተው። የኔው ጦር ሜዳ የት እንደወደቀ እንኳ አልነገሩኝም።»

በረዶው ውሃውን አልለቅም አለ፤ ውሃው ለእሳቱ አልደርስም አለ፤ እሳቱ መኪናውን አላስነሳም አለ፤ መኪናው ሟቹን አላወጣም አለ።

ወደ ከሰል ነጋዴው ወደ ሄር ሽቴክል ሄደች፤ «ሄር» በነሱ አገር «አቶ» ማለት ነው። ወፍራም ካፖርት ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። «ሄር ሽቴክል፣ በረዶው ውሃውን አልለቅም አለ፤ ውሃው ለእሳቱ አልደርስም አለ፤ እሳቱ መኪናውን አላስነሳም አለ፤ መኪናው ሟቹን አላወጣም አለ። ከሰል ይስጡኝ።»

«ነፍሳቸውን ይማር፣ ወይዘሮ ቫልቡርጋ። ግቢዬን ይዩት፤ በመጥረጊያ የተጠረገ ነው። ከሰሌ ከሸለቆው ማዶ ባቡር ጣቢያ፣ ፉርጎ ላይ ተቀምጧል።»

«ታዲያ ለምን አያስመጡትም?»

«በምን? በባርኔጣዬ? መኪናው ሄዶ ይጫነው እንጂ።»

«መኪናውማ እሳት የለውም።»

«እሳትማ ከሰል ይፈልጋል» አለ ሄር ሽቴክል፣ ጺሙን እየዳሰሰ። በዚያ አገር ፈላስፋ አይጠፋም።

መኪናው ከሰሉን አላመጣም አለ፤ ከሰሉ በረዶውን አላቀልጥም አለ፤ በረዶው ውሃውን አልለቅም አለ፤ ውሃው ለእሳቱ አልደርስም አለ፤ እሳቱ መኪናውን አላስነሳም አለ፤ መኪናው ሟቹን አላወጣም አለ።

መንገዱ ዞሮ ዞሮ እዚያው ገባ። ማንም አልዋሸም። ሁሉም እውነቱን እየተናገረ አንድ ሰው ሳይቀበር ሊቀር ነው።

ቫልቡርጋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ኢግናጽ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል። በዚያች መንደር አናጺ የገዛ ሳጥኑን በጉልበቱ ጊዜ ይሠራል፤ እስኪሞት ድረስም ሚስቱ የክረምት ፖም ታስቀምጥበታለች። ምርጥ ጣውላ፣ ያለ ምስማር የተጋጠመ። ሴትዮዋ ባሏን በአንሶላ ጠቀለለችው፤ እያረፈች እየጎተተች አልጋው ላይ መለሰችው። ሳጥኑን ወደ ግቢ አወጣችና ምሳር አነሳች።

ምሳሩ ነጠረ። ደግማ መታች፤ ነጠረ።

«ይቅር በለኝ፣ ኢግናጽ» አለች። «በደንብ ነው የሠራኸው። አልፈለጥ አለኝ።»

በሦስተኛው ተሰነጠቀ። ጸጥ ባለው መንደር የምሳር ድምፅ ከቤት ቤት ገባ፤ መጋረጃዎች ተንቀሳቀሱ። ቫልቡርጋ የሳጥኑን ጎኖች አቅፋ ወስዳ ከክሬሴንስ ድስት ስር ጣለቻቸው።

ክሬሴንስ የነሐስ መያዣውን አየች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«እንጨት።»

«ቫልቡርጋ፣ ይሄማ የ…»

«እንጨት ነው አልኩሽ። አንድጂ።»

ክሬሴንስ አነደደች። ቤቱ ፖም ፖም ሸተተ። ከዚያ ወጣችና የማጠቢያ ጠረጴዛዋን ሰብራ አመጣች። ቫልቡርጋ ክዳኑን ተሸክማ ወደ መኪናው ስትሄድ ሎይስ አየ፤ የአልጋውን ርብራብ አመጣ። ኮርቢኒያን አጥሩን ነቀለ። ሄር ሽቴክል እንኳ የቢሮውን በር በሠራተኛ አስይዞ ላከ፤ እሱ ግን አልመጣም። እንጨት ነበራቸው። ጥንቱንም እንጨት ነበራቸው።

እንጨቱ በረዶውን አቀለጠ፤ በረዶው ውሃውን ለቀቀ፤ ውሃው ለእሳቱ ደረሰ፤ እሳቱ መኪናውን አስነሳ፤ መኪናው ከሸለቆው ማዶ ሄዶ ከሰሉን አመጣ፤ ከሰሉም ዳገቱን ቻለ። መኪናው ሟቹን አወጣ።

ቫልቡርጋ ከኋላ፣ ከኢግናጽ አጠገብ ተቀመጠች። ጥላሸቱ ነጩ አንሶላ ላይ ይዘንብ ነበር፤ በእጇ ልታራግፈው ስትሞክር እየባሰ ይጠቁራል፤ ተወችው። ቀኑ ሊጨልም ሲል ደረሱ።

መቃብር ቆፋሪው አንሶላውን አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ። «እማማ፣ ሳጥኑስ?»

ቫልቡርጋ ከመኪናው ጭስ ማውጫ ወደ ሰማይ የሚወጣውን ጭስ በጣቷ አሳየችው።

ኢግናጽን ከልጃቸው ጎን በአንሶላ አስተኙት። አፈሩ ገና አልጠነከረም ነበር፤ በቀላሉ ተመለሰ። ጸሎቱ ሲያልቅ ኮርቢኒያን የመኪናውን በር ከፍቶ ጠበቃት።

«ይሳፈሩ እማማ፣ ላውርድዎት። እሳቱ እንደጋለ ነው፤ ውሃም አለን፤ ከሰልም ሞልቷል።»

«አሁን ሞላ?» አለች።

በእግሯ ወረደች።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ግን ለጎረቤት አቅምሱ።