የአትጠገብ ድንጋይ

ዱሮ ነው። ዱሮ ስላችሁ የነገሥታቱን ዘመን እንዳይመስላችሁ፤ አስፋልቱ ከድልድዩ ማዶ የሚያልቅበት፣ ባለታክሲው "ከዚህ አላልፍም" ብሎ ሰው የሚያራግፍበት ጊዜ ነው። ያኔ ከከተማው ጫፍ፣ ጉቶ ሜዳ በሚባል ሰፈር፣ አንዲት ዘበኛ ነበረች። ስም ነበራት። ሰፈሩ ግን ጠይቋት ስለማያውቅ፣ እኔም ለጊዜው ዘበኛዋ እላታለሁ።

የምትጠብቀው ተጀምሮ የቀረ ቤት ነበር። ከግቢው በር ውጭ ግንበኞቹ "ለአጥር አይሆንም" ብለው የተዉት ሰፊ ድንጋይ አለ፤ ቀን ቀን እሱ ላይ ትቀመጣለች። ሌላው ሰው አጥሩን ሁለት ቁመት አስረዝሞ፣ በላዩ የጠርሙስ ስባሪ ተክሎ፣ በሩን ዘግቶ ይኖራል። እሷ የወጣውን "እንደምን አደሩ"፣ የገባውን "እንደምን ዋሉ" ትላለች። ሞትን አትፈራም ነበር። የምትፈራው ሞታ ቀባሪ ማጣትን ነው።

መጀመሪያ ውሃ ጠፋ። በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ዘበኛዋ ቧንቧው ሲያፏጭ ትሰማና በየበሩ በዱላዋ እየመታች "ኧረ ውሃ መጣ!" ትላለች። ሰፈሩ በርሜሉን ሞላ። ስሟን ግን የጠየቃት የለም።

ቀጥሎ ሽማግሌ ጠፉ። አቶ ዘርጋው የሚባለው ጎረቤት አባቱን፣ አባ ደምሌን፣ ከገጠር አምጥቶ ነበር። እግራቸውን ሊያፍታቱ ወጥተው ሲመለሱ በሩ ሁሉ አንድ ሆነባቸው፤ ሁሉም ጥቁር ብረት ነው። ቢያንኳኩ አንዱ በቀዳዳ አይቷቸው ተመለሰ።

"አባቴ፣ እስቲ ዐረፍ ይበሉ" አለች ዘበኛዋ። "የአቶ ዘርጋው አባት አይደሉም? አረማመዳችሁ እኮ አንድ ነው። ወደፊት ሲጠፋብዎ ድንጋዬን ይፈልጉ፤ ቤትዎ ከዚህ ሦስተኛው በር ነው።"

ዘርጋው መረቃት። ስሟን ግን አልጠየቃትም።

ከዚያ ሞት መጣ። ብቻዋን የምትኖር አንዲት መበለት ዐረፈች። ቄሱ "የክርስትና ስሟ ማን ነው?" ቢሉ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ዘበኛዋ ከኋላ "ወለተ ሥላሴ ናት፤ ከኔ ጋር ድንጋዩ ላይ ትቀመጥ ነበር" አለች። ሰፈሩ አፈረ። አፍሮም አልቀረ፣ ዕድር አቋቋመ፤ በየበሩም ቁጥር ጻፈ።

ዘበኛዋ ቀባሪ አገኘሁ ብላ ነጠላዋን አጥባ፣ ዕድሩ ወደተሰበሰበበት ልትመዘገብ ሄደች።

"የቤት ቁጥር?" አለ ጸሐፊው፣ ቀና ሳይል።

"ቤትስ የለኝም ልጄ። ጠባቂ ነኝ።"

"እንግዲያ ደንቡ አይፈቅድም።"

አልተከራከረችም። ተመልሳ ድንጋይዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ይሄኔ አባ ደምሌ ከስብሰባው መሃል ተነሡ። "እኔ ቁጥር የምትሉትን አላውቅም። ቤቴን የማገኘው በሷ ድንጋይ ነው። ውሃ የምትጠራላችሁ ማን ናት? የሟቿን ስም የነገረቻችሁ ማን ናት? በሉ መዝግቧት!"

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሣ። "እሺ፣ ስሟ ማን ነው?"

ከዚያ ሁሉ ሰው ስሟን የሚያውቅ ጠፋ።

ጸሐፊው መዝገቡን ታቅፎ ወደ ድንጋዩ ሄደ፤ ሰፈሩም ተከተለው። "እናቴ፣ ስምዎን ይንገሩኝ" አላት።

"አትጠገብ ይመር" አለች። ቀጥላም "የክርስትናዬ እኅተ ማርያም ነው። እሱንም ጻፈው ልጄ፤ ኋላ ይፈለጋል።"

ቁጥር አንድ የጸሐፊው በር ነበር። ሄዶ ፋቀውና ድንጋዩ ላይ ጻፈው፤ እሱ መጨረሻውን ቁጥር ወሰደ።

አትጠገብ ከብዙ ዓመት በኋላ ዐረፈች። ቄሱ የክርስትና ስሟን ሲጠይቁ ሰፈሩ ሁሉ ባንድ አፍ መለሰ። እንዲህ ያለ ቀብር ጉቶ ሜዳ አይቶ አያውቅም።

ዛሬም እዚያ ቤት የሠራ ሰው በሩን ከመስቀሉ በፊት ከደጁ ድንጋይ ያኖራል። እሱ ላይ ተቀምጦ፣ ላለፈ ላገደመው ሁለቱን ስሞቹን ይናገራል። በሩን መዝጋት የሚችለው ከዚያ ወዲያ ነው። "ቁጥር አንድ የማን ቤት ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁም "የአትጠገብ" ይሏችኋል።

እኔ የሰማሁትን ነገርኋችሁ፤ ያላመነ ሄዶ ይቀመጥበት።