ለግራዝማች የተዋጣው

ኑ፣ ጠጋ በሉ እስቲ ልጆቼ። ግንቦት ተጋምሶ ሰማዩም ከበድ ብሏል፤ እኔ ደግሞ ደመና ባየሁ ቁጥር የአገራችን የኪዳነ ምሕረት ጣራ ነው ትዝ የሚለኝ።

አንድ ቀን፣ ልክ በዚህ በግንቦት፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። የሣር ጣራው በስብሶ አልቋል። ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮ ካልለበሰ ግድግዳውም ሊናድ ነው። በእኛ ወግ ደግሞ ስጦታ የሚጀምረው ሹሙ ነው፤ ከሹሙ አብልጦ መስጠት እሱን መናቅ ነው፣ ነውር ነው። እንግዲህ ዓይን ሁሉ ጭቃ ሹማችን ግራዝማች ደርሶልኝ ላይ ሆነ። ሦስት ጎተራ እህል፣ በረት ሙሉ ከብት ያላቸው ሰው ናቸው፤ ምን ያደርጋል፣ እጃቸው ለመቀበል እንጂ ለመስጠት አይዘረጋም።

ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ለእመቤቴ አንድ ቆርቆሮ» አሉ።

እልል የሚል ጠፋ።

ቄሰ ገበዙ ቀስ ብለው፣ «ግራዝማች፣ ጣራው እኮ ስልሳ ይፈልጋል» አሏቸው።

«እሷ የምታየው ልብን ነው አባቴ። እኔ ምን አለኝ? ያለኝ ይቺው ናት።»

ይሄኔ ቢተው ከኋላ ብድግ አለ። ቢተው የግራዝማችን መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነው። ሚስቱ ከሴቶቹ በኩል፣ መሬቱን ልታስነጥቀን ነው ብላ ዓይኗን ብታፈጥበት፣ እሱ እቴ።

«እኛም ጎረቤት ተብለናል» አለ። «ጌታችን እንዲህ ተቸግረው አንድ ሰው እንኳ ይጠፋል የሚያውቅ? የእመቤቴ ጣራ ይቆይ፣ እሷ ልጅ አላት። ዛሬ የምናዋጣው ለግራዝማች ነው።» ኩታውን እግራቸው ሥር ዘረጋና ከኪሱ አንድ እፍኝ ሽምብራ አኖረበት።

መነኩሲቷ እማሆይ ትብለጥ የዋህ ናቸው፤ ነገሩ እውነት መሰላቸው። ለቤተ ክርስቲያን ያመጧትን አንዲት እንቁላል ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ኩታው ላይ አስቀመጡና፣ «አይዞህ ልጄ፣ ሁሉም ያልፋል» አሏቸው። ከኋላቸው ሰዉ ተሰለፈ።

ግራዝማችን ላብ አጠመቃቸው። «ሃያ ቆርቆሮ» አሉ።

ቢተው ኩታውን አላነሣም።

«አርባ።»

አነሣ። የቀረውን ሃያ ሕዝቡ እዚያው ሞላው።

ጣራው ሰኔ ሳይገባ ለበሰ። ግራዝማች ቢተውን መሬቱን አልነጠቁትም፤ ደግሞ እንዳያዋጣላቸው ፈርተው ይመስለኛል። እማሆይ ትብለጥ ግን እስኪሞቱ ድረስ፣ «ያንን ምስኪን ግራዝማችን አደራ» እያሉ ሲጸልዩላቸው ኖሩ።