ቢጫው ቀሚስና አልዘጋም ያለው ሻንጣ

ተረት ንገረን ብላችሁኝ የለ? የዛሬው ከላም በረት አይደለም፣ ከሻንጣ ነው የሚወጣው። ጠጋ ጠጋ በሉ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ግርማቸው ከሞተ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል፤ እሷም እስከ ዛሬ ከራሷ እስከ እግር ጥፍሯ ጥቁር ናት። ሶስና የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት፤ የምትኖረው ባሕር ማዶ፣ ሊዝበን ነው። ሶስና የመኖሪያ ወረቀቷ ስላላለቀ ለአባቷ ቀብር አልደረሰችም። አሁን ግን ትኬት ቆርጣ፣ "እማዬ፣ መጥተሽ ሦስት ሳምንት እረፊ" አለቻት። ልብሱንም በዝርዝር ነገረቻት። "ግንቦት እዚህ ቀን ይሞቃል፣ ሲመሽ ይነፍሳል። አንድ ስስ ሹራብ፣ የዝናብ ልብስና ምቹ ጫማ ያዢ። የላክሁልሽን ቢጫ ቀሚስ ደግሞ አደራ! ጥቁር ለብሰሽ እንዳላይሽ። አባዬን እኮ አልቀበርኩትም፤ ጥቁርሽን ያየሁ ቀን ነው የምቀብረው።"

እንግዲህ ትርንጎ የፈለገችው ይቺን ብቻ ነው፤ ቢጫው ቀሚስ ሻንጣው ውስጥ እንዲገባላት። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስዳት መኪና ነገ ማለዳ ይመጣል። ቀሚሱን አጥፋ ከላይ አስቀመጠች፣ ክዳኑን በጉልበቷ ተጫነች፣ ዚፑን ሳበች። ሻንጣው "አልዘጋም" አለ።

"ምነው?"

"ካፖርቱ ሆዴን ሞልቶታል። እሱ ይውጣና እዘጋለሁ።"

ካፖርቱ ጥቁርና ወፍራም ነው፤ የደብረ ብርሃንን ኅዳር የቻለ። ትርንጎ በሁለት እጇ ብትይዘው "አልወጣም" አለ። "ያስገቡኝ እትዬ ወርቄ ናቸው። እሳቸው ያውጡኝ።"

ጎትታ አልጋው ላይ አትወረውረውም? ትሉ ይሆናል። እናንተን ይሉኝታ ይዟችሁ አያውቅም ማለት ነው! እትዬ ወርቄ የሟች እህት ናቸው። ጠዋት መጥተው ሦስት ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻርፕና ይህን ካፖርት በገዛ እጃቸው ጠቅጥቀው ሄደዋል። ደግሞም ጥቁር የለበሰች ሴት በራሷ ፈቃድ አታወልቅም፤ ከሟች ወገን አንዱ "ይብቃሽ" ሊላት ይገባል። ሙት ዓመቱ ወጥቶ፣ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ሲበተን ትርንጎ ያቺን ቃል ጠብቃ ነበር። የተናገረ የለም።

ወደ እትዬ ወርቄ ቤት ሄደች።

"እትዬ፣ ቀሚሱ አልገባ፣ ሻንጣው አልዘጋ፣ ካፖርቱ አልወጣ አለኝ። እባክዎ ይብቃሽ ይበሉኝ።"

እትዬ ወርቄ ምስር መልቀማቸውን አቆሙ። "እኔ መች ጠላሁ፣ ትርንጎዬ? ግን ታላቅ ወንድሜ እያለ እኔ ልቅደም? አልልም። ጋሼ ደምሴ ይበሉሽ።"

ትርንጎ ጋሼ ደምሴን ብርድ ልብስ ከሚሸጡበት ሱቅ በር ላይ አገኘቻቸው።

"ጋሼ፣ ቀሚሱ አልገባ፣ ሻንጣው አልዘጋ፣ ካፖርቱ አልወጣ፣ እትዬ ወርቄም አልልም አሉኝ። እርስዎ ይብቃሽ ይበሉኝ።"

ጋሼ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ንጹሕ ነበር፣ ግን ጠረጉት። "በሙት ዓመቱ ዕለት እኮ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዘወር ብል አባ ዝም ብለዋል። የነፍስ አባታችን ዝም ካሉ እኔ ማን ነኝና? አልልም። አባ ይበሉሽ።"

ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን። እግሯ ዝሏል፣ ፀሐይዋም አዘንብላለች። አባ ወልደ ሰንበት ከቅጥሩ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ መስቀል ተሳለመች።

"አባቴ፣ ቀሚሱ አልገባ፣ ሻንጣው አልዘጋ፣ ካፖርቱ አልወጣ፣ እትዬ ወርቄ አልልም፣ ጋሼ ደምሴም አልልም አሉኝ። እርስዎ ይብቃሽ ይበሉኝ።"

"ልጄ፣ ጸሎቱ ደርሷል፣ ተዝካሩ ወጥቷል። በእኔ በኩል የቀረ ነገር የለም" አሉ አባ። "ግን የወለዱት እናት ጥቁር እንደለበሱ ሚስት ብታወልቅ ያምራል? አልልም። እማማ አስካለ ይበሉሽ።"

እማማ አስካለ የትርንጎ አማት ናቸው፤ ከእሷው ጓሮ ባለችው ክፍል ነው የሚኖሩት። ልጅ የቀበረችን እናት "ልጅዎን ይርሱልኝ" ብሎ መጠየቅ እንዴት ይቻላል? ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስልኳ ጮኸ፤ ሶስና "ቀሚሱን ከተትሽው?" ብላ ጽፋለች። ምን ብላ ትመልስ? ተስፋዋ ሙጥጥ ብሎ አለቀ። ቢጫውን አውጥታ ሣጥን ልትቆልፍበት፣ በጥቁሯ ልትሄድ፣ ልጇም አባቷን ሰው በሚተራመስበት አውሮፕላን ማረፊያ እንድትቀብር ወሰነች። እያለቀሰች ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ጓሮውን ስታልፍ እማማ አስካለ ከክፍላቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል።

"አንቺ ትርንጎ! ምን ሆነሽ ነው ስትመላለሺ የዋልሽው?"

ልትዋሽ ፈለገች፤ አልሆነላትም። እየተንሰቀሰቀች ዘረገፈችው። "እማማ፣ ቀሚሱ አልገባ፣ ሻንጣው አልዘጋ፣ ካፖርቱ አልወጣ፣ እትዬ ወርቄ አልልም፣ ጋሼ ደምሴ አልልም፣ አባም አልልም አሉኝ። እርስዎን ደግሞ እኔ አልጠይቅም። አልችልም።"



"እኔንስ ማን ይብቃሽ አለኝ?" አሉ አሮጊቷ። "ሙት ዓመቱ ሲወጣ ስጠብቅ ዋልኩ። ወርቄም ደምሴም አባም ዝም። ከዚያ ያንቺን በር አየሁ። ሚስቱ ጥቁር ለብሳ እኔ እናትየው ባወልቅ፣ ልጇን ቶሎ ረሳችው ትለኛለች ብዬ ፈራሁሽ። አንቺን ነበር እኮ የምጠብቀው!"

ለካስ ትርንጎ ቀኑን ሙሉ ከተማውን ዞራ የለመነችው ቃል በእሷው አፍ ውስጥ ነበር። ተንበረከከች፤ ጥቁሩን ሻርፕ ከእማማ ራስ ላይ ቀስ አድርጋ ሳበችው። ከሥሩ ሽበታቸው ነጭ ሆኖ ወጣ።

"ይብቃዎት፣ እማማ።"

"አንቺም ይብቃሽ፣ ልጄ።"

ተቃቅፈው አለቀሱ። ሲበቃቸው ተነሡ።

እማማ አወለቁ። እማማ ቢያወልቁ አባ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብለው ባረኩ። አባ ቢባርኩ ጋሼ ደምሴ "ይብቃሽ" አሉ። ጋሼ ደምሴ ቢሉ እትዬ ወርቄ "ድሮስ!" እያሉ ከነምስራቸው መጡ። እትዬ ወርቄ ቢመጡ ካፖርቱ ወጣ። ካፖርቱ ቢወጣ ቢጫው ቀሚስ ገባ። ቀሚሱ ቢገባ ሻንጣው ያለ ጉልበት ተዘጋ።

"ቆይ እንጂ" አሉ እማማ፣ ነጭ ነጠላቸውን እያጣፉ። "ልጅቱ የናፈቃት ሻንጣውን ነው? አውጪና ልበሺው!"

ያን ሁሉ የለፋንበት ሻንጣ ተከፈተ። ትርንጎ ለበሰች። ወገቡ ላይ ትንሽ ጠብቧታል፣ ማንም አላነሣባትም። ሶስና በቪዲዮ ደውላ ስልኩ ሲጠራ በቢጫዋ፣ አማቷን በነጭ ከጎኗ አስቀምጣ አነሣችው።

ሶስና አየቻቸው። ልትስቅ ነበር፤ አፏ ግን እምቢ አላት። ዓመት ከአራት ወር የያዘችው ለቅሶ እዚያው ፈነዳ። "አባዬን! አባዬን እኮ!" እያለች ጮኸች። ባዕድ አገር፣ ብቻዋን፣ ደረት አብሮ የሚመታ ሰው ሳይኖራት ነበር የከረመችው። እሷንም ይብቃሽ ያላት አልነበረም።

ትርንጎ አላቋረጠቻትም። ለቅሶው ቀስ በቀስ እስኪወርድ ጠበቀች።

"ይብቃሽ፣ ልጄ" አለቻት። "ነገ እመጣለሁ።"

ተረቴ ታጥፎ ተከተተ፤ ዚፑን እናንተ ሳቡልኝ።